የተዘነጋ መጽሐፍ ዳግም ሲነበብ

ሀ. መግቢያ

በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ለብዙ ዓመታት ማንም ሳይነካቸው የሚቀመጡ መጻሕፍት አሉ። ሽፋናቸው ወይቧል፤ ጥራዛቸው ላልቷል፤ የደራሲያቸውም ስም ከሰው አፍ ጠፍቷል። ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ የተረሱት በቂ ምክንያት ስላለ ነው፤ ጊዜያቸው ሲያልፍ የሚናገሩትም ነገር አብሮ አልፏል። ጥቂቶቹ ግን የተረሱት ዋጋ በማጣታቸው ሳይሆን ከእነርሱ በኋላ የመጡት መጻሕፍት ስለ ጋረዷቸው ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አንሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ የሚያነብ ሰው የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ያላገኙትን አንድ ጥቅም ያገኛል። እነርሱ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የሚሆነውን አያውቁም ነበር፤ እርሱ ግን ያውቃል።

በዚህ ምዕራፍ የምንመለከተው እንዲህ ካሉት መጻሕፍት አንዱን ነው። መጽሐፉ «ኖ ሃይዌይ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ጎዳና የለም» እንደ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኔቪል ሹት በ1948 ያሳተመው፣ ስለ አይሮፕላን በረራ የሚተርክ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1951 ጄምስ ስቱዋርትና ማርሊን ዲትሪክ የተጫወቱበት ፊልም ሆኖ ታይቷል። ከጊዜ በኋላ ግን የደራሲው ስም ሲነሣ በይበልጥ የሚታወሱት «ኤ ታውን ላይክ አሊስ» (1950) እና «ኦን ዘ ቢች» (1957) የተባሉት ሥራዎቹ ሆኑ፤ «ኖ ሃይዌይ» ከእነርሱ ጀርባ ተሸሽጎ ቀረ።

ጽሑፉን ስታነቡ ሁለት ጥያቄዎችን በልባችሁ ያዙ። አንደኛ፣ ሽጉጥ የሚተኩስና ሀብት የሚዘርፍ ሰው የሌለበት ታሪክ አንባቢን እንዴት አድርጎ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል? ሁለተኛ፣ ይህ መጽሐፍ በ1948 ካነበቡት ሰዎች ይልቅ ከ1954 በኋላ ያነበቡትን የበለጠ የሚያስፈራው ለምንድን ነው?

ለ. ደራሲው ማን ነበር?

የደራሲው ሙሉ ስም ኔቪል ሹት ኖርዌይ ነው። በ1899 በዚያን ጊዜ ለንደን አጠገብ ትገኝ በነበረችው በኢሊንግ ተወለደ። ሙያው ምሕንድስና ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በደ ሃቪላንድ የአይሮፕላን ፋብሪካ ሠራ፤ ይህን የፋብሪካ ስም አስታውሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ከዚያም ቪከርስ በተባለው ኩባንያ ሥር፣ በታዋቂው መሐንዲስ በባርነስ ዋሊስ መሪነት፣ «አር 100» የተባለችውን ግዙፍ የአየር መርከብ ከሠሩት ሰዎች አንዱ ሆነ። የእርሱ ድርሻ የመርከቧ አካላት የሚደርስባቸውን ጫና መቻል አለመቻላቸውን በስሌት ማረጋገጥ ነበር።

በዚያው ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት በራሱ ሠራተኞች «አር 101» የተባለችውን ሌላ የአየር መርከብ ያሠራ ነበር። አር 100 በ1930 ወደ ካናዳ በርራ በደኅና ተመለሰች፤ ሹትም በውስጧ ነበር። አር 101 ግን ወደ ሕንድ ጉዞ በጀመረች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1930 ከመንጋቱ በፊት፣ በፈረንሳይ አገር በቦቬ አጠገብ ወድቃ ተቃጠለች። በአደጋው 48 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዱ የአየር ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ቶምሰን ነበሩ። ሹት በ1954 ባሳተመው «ስላይድ ሩል» በተሰኘው የሕይወት ታሪኩ ስለዚህ ጉዳይ በምሬት ጽፏል። ባለሥልጣን የቈረጠው ቀን ባለሙያ ካወጣው ስሌት በላይ ሲከበር ምን እንደሚከተል በዓይኑ ያየ ሰው ነበርና።

በ1931 ከጓደኞቹ ጋር ኤርስፒድ የተባለ የአይሮፕላን ፋብሪካ አቋቋመ። በምሕንድስና ሥራው ሙሉ ስሙን ሲጠቀም፣ በድርሰቶቹ ላይ ግን «ኔቪል ሹት» ብቻ ብሎ ይፈርም ነበር። ይህንንም ያደረገው ልብ ወለድ ጸሐፊነቱ በመሐንዲስነቱ ላይ ሰዎች ያላቸውን እምነት እንዳያጐድልበት በመስጋት ነው። እንግዲህ «ኖ ሃይዌይ»ን የጻፈው አይሮፕላንን ከሩቅ የሚያደንቅ ሰው ሳይሆን፣ የክንፍን ጥንካሬ በወረቀትና በእርሳስ ሲያሰላ የኖረ ሰው መሆኑን ልብ በሉ።

ሐ. የታሪኩ ፍሬ ነገር

የታሪኩ ዋና መቼት ፋርንቦሮ የሚገኘው የእንግሊዝ መንግሥት የአይሮፕላን ምርምር ተቋም ነው። ታሪኩን በአንደኛ መደብ የሚተርከው የአይሮፕላን አካላትን ጥንካሬ የሚያጠናው ክፍል ኃላፊ ዶክተር ዴኒስ ስኮት ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ግን እርሱ አይደለም፤ በእርሱ ሥር የሚሠራው ተመራማሪ ቴዎዶር ሃኒ ነው።

ሃኒን ስትተዋወቁት ጀግና አይመስላችሁም። አጭርና ደካማ፣ አለባበሱ የተዝረከረከ፣ በንግግሩ የሚደናቀፍ ሰው ነው። ሚስቱ በጦርነቱ ጊዜ ሞታበት ኤልስፔት የተባለች ትንሽ ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። ከሥራ ሰዓት ውጭ በግብፅ ፒራሚዶች ምስጢርና በመሳሰሉት ነገሮች ሲመራመር ያመሻል። በዚህም ምክንያት የሚያውቁት ሰዎች ከንፈራቸውን ሸርተት አድርገው ፈገግ ይሉበታል።

ይሁን እንጂ ሃኒ በሙያው አንድ ከባድ ነገር ደርሶበታል። «ሬንዲር» የተባለው አዲስ የመንገደኞች አይሮፕላን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ እየተመላለሰ ሰው ማጓጓዝ ጀምሯል። በሃኒ ስሌት መሠረት የዚህ አይሮፕላን የጭራ ክንፍ በማያቋርጥ መንቀጥቀጥ የተነሣ ወደ 1,440 ሰዓት ገደማ ሲበር ይሰበራል። ስሌቱን ለማረጋገጥ አንድ የጭራ ክንፍ ቤተ ሙከራ ውስጥ አስሮ ቀንና ሌሊት ያንቀጠቅጠዋል። ይህ ሁሉ ለእርሱ ሳይንሳዊ ጥያቄ ብቻ ነበር። ስኮት ግን ነገሩን ሲሰማ የሚደነግጥበትን ጥያቄ ይጠይቃል፦ አሁን በመብረር ላይ ያሉት ሬንዲሮች ስንት ሰዓት በርረዋል?

ከእነዚህ አይሮፕላኖች አንዱ ቀደም ብሎ ሰው በማይኖርበት በላብራዶር ምድር ተከስክሷል። አጣሪዎቹ ጥፋቱን በአብራሪው ላይ ጥለው መዝገቡን ዘግተዋል። ይህ አይሮፕላን ከመውደቁ በፊት የበረረው ሰዓት ሃኒ ከተናገረው ቁጥር ጋር የተቀራረበ ነበር። ስለዚህ ስኮት ስብርባሪውን እንዲመረምር ሃኒን ወደ ካናዳ ይልከዋል። ሃኒ ውቅያኖሱን እኩል ካቋረጠ በኋላ አንድ ነገር ያውቃል፤ የተሳፈረበት አይሮፕላን ሬንዲር ነው፤ የበረረውም ሰዓት ወደ 1,440 ተጠግቷል።

ለአብራሪው ይነግረዋል፤ አብራሪው ግን በሜዳ ላይ እንዳለ ጋሪ አይሮፕላኑን አቁሞ ሊያስወርደው አይችልም። ለበረራ አስተናጋጇ ለማርጆሪ ኮርደርና ለታዋቂዋ የፊልም ተዋናይ ለሞኒካ ቲዝዴል አደጋው ቢደርስ የተሻለ ደኅንነት የሚገኝበትን ስፍራ ያሳያቸዋል። አይሮፕላኑ በኒውፋውንድላንድ ጋንደር በተባለው ማረፊያ በሰላም ያርፋል። አብራሪው ጭራውን ይመረምራል፤ ምንም ስንጥቅ አያገኝም፤ ጉዞውም እንዲቀጥል ይወስናል። በዚህ ጊዜ ሃኒ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን ነገር ያደርጋል። ወደ አብራሪው ክፍል ገብቶ የማረፊያ ጎማዎቹን የሚያጥፈውን መዘውር ይስባል። ያ ትልቅ አይሮፕላን በቆመበት በሆዱ ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ ሊበር አይችልም።

ይህ ሰው እብድ ነው ወይስ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ያዳነ አስተዋይ? ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። ፍጻሜውን ግን እዚህ አንነግራችሁም። ስለ አንድ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው የታሪኩን ቋጠሮ ማሳየት እንጂ መፍታት አይገባውምና።

መ. ልብ ሰቀላው ከየት ይመጣል?

በሥነ ጽሑፍ ልብ ሰቀላ የምንለው አንባቢው «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ በጉጉትና በሥጋት የሚቆይበትን ሁኔታ ነው። ብዙ ደራሲያን ይህን የሚፈጥሩት በድንገተኛ ነገር ነው፤ በሩ ይበረገዳል፤ ጥይት ይተኮሳል። ሹት ግን ከዚህ የተለየ ዘዴ መረጠ። አስቀድሞ አንድ ቁጥር ሰጠን፦ 1,440። ከዚያ በኋላ ድንገተኛ ነገር አላስፈለገውም። አይሮፕላኑ በበረረ ቁጥር ሰዓቱ ይደመራል፤ አንባቢውም ከሃኒ ጋር አብሮ ይቈጥራል። በመስኮቱ የሚታየው ጸጥ ያለ ሰማይ፣ የሞተሩ ወጥ ድምፅ፣ አስተናጋጇ የምታቀርበው ሻይ፣ ሁሉም በዚያ ቁጥር ጥላ ሥር ስለሚያልፉ አስፈሪ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ዘዴ ክፉ ሰው አለመኖሩ ነው። አብራሪው ሃኒን የማያምነው ደንታ ቢስ ስለሆነ አይደለም፤ በዓይኑ አይቶ ስንጥቅ ስላላገኘ ነው። የአየር መንገዱ ሹማምንት አይሮፕላኖቹን ለማቆም የሚያመነቱት ስግብግብ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ገና ባልተፈጸመ ሙከራ አንድን ታላቅ የበረራ መሥመር መዝጋት ቀላል ውሳኔ ስላልሆነ ነው። ስኮት ራሱ ይጠራጠራል፤ ስለ ፒራሚዶች ያን ሁሉ የሚያወራ ሰው ስለ አይሮፕላን የሚናገረው ይታመናልን? ከዚህ እንደምትረዱት በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ያለው ግጭት በመልካምና በክፉ ሰዎች መካከል አይደለም። ማስረጃ ሳይሟላ መወሰን በሚያስከትለው ጉዳትና ማስረጃ እስኪሟላ መቆየት በሚያስከትለው ጉዳት መካከል ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጭስ ገና ሳይታይ ቅጠሉን ማን ያንሣ የሚለው ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ሠ. የግሥ ክብደት

ይህ ግጭት ከሰዋስው ትምህርታችን ጋር የሚገናኝበት አንድ ቦታ አለ። የሚከተሉትን 4 ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ጭራው ይሰበራል።
2. ጭራው ሳይሰበር አይቀርም።
3. ጭራው ሊሰበር ይችላል።
4. ጭራው ይሰበር ይሆናል።

ባለቤቱ አንድ ነው፤ ዋናው ግሥም አንድ ነው። የተናጋሪው እርግጠኛነት ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። የመጀመሪያው ጥርጥር የለበትም። ሁለተኛው ወደ እርግጠኛነት ያዘነብላል። ሦስተኛው የነገሩን መቻል ብቻ ይገልጻል። አራተኛው ግምት ነው። አንድ ሹም የመጀመሪያውን ቢሰማ አይሮፕላኖቹን ያቆማል፤ አራተኛውን ቢሰማ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርገዋል። ተመራማሪ ከሚያውቀው በላይ አስረግጦ ቢናገር ሐሰተኛ ይሆናል፤ ከሚያውቀው በታች አለሳልሶ ቢናገር ደግሞ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። የሃኒ ችግር ይህ ነበር፤ ስሌት ማውጣት ያውቃል፤ ያወጣውን ስሌት ሌላው ሰው በሚያምነው ቋንቋ መናገር ግን አያውቅም።

ረ. ብረት እንዴት ይዝላል?

መጽሐፉ የቆመበት ሳይንሳዊ ሐሳብ የብረት መዛል ይባላል። ይህን ለመረዳት አንድ ቀጭን ሽቦ ውሰዱ። ሽቦውን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ብትጎትቱት አይበጠስም። አንድ ጊዜ ብታጥፉትም አይሰበርም። ነገር ግን በአንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ ብታጥፉት ጥቂት ቆይቶ ይሰበራል። ሽቦውን የሰበረው የመጨረሻው እጥፋት ብርታት አይደለም፤ የቀደሙት እጥፋቶች ብዛት ነው። ጠብታ ሲደጋገም ድንጋይ እንደሚበሳ ማለት ነው።

በአይሮፕላን አካል ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። አይሮፕላን ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። በነፋስ ግፊትና በሞተር ንዝረት ምክንያት የተለያዩ ክፍሎቹ ሳያቋርጡ ይርገበገባሉ። እያንዳንዱ ርግብግቢት ለብቻው ሲታይ ጉዳት የለውም። ነገር ግን በጊዜ ብዛት በአንድ ደካማ ቦታ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በቀዳዳ ጠርዝ ወይም በማዕዘን፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይፈጠራል። ስንጥቁ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ከመጠን ሲያልፍ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ይገነጠላል። አስጊነቱም በዚህ ላይ ነው፤ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ብረቱ ጤነኛ መስሎ ይታያል።

ሰ. ከ6 ዓመት በኋላ የሆነው

መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ፣ ጁላይ 27 ቀን 1949፣ በእንግሊዝ አገር አንድ አዲስ አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ስሙ ኮሜት ነበር፤ የሠራውም ሹት በወጣትነቱ የሠራበት የደ ሃቪላንድ ፋብሪካ ነው። ኮሜት በዓለም የመጀመሪያው የጄት መንገደኞች አይሮፕላን ነበር። ሜይ 2 ቀን 1952 ከለንደን ወደ ጆሃንስበርግ መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ከነባሮቹ አይሮፕላኖች እጅግ የፈጠነ፣ ከደመና በላይ ከፍ ብሎ የሚበርና መንገደኞቹን የማያንገጫግጭ ስለ ነበር የዘመኑ መደነቂያ ሆነ።

ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 አንድ ኮሜት ከሮም ተነሥቶ ወደ ለንደን ሲጓዝ ኤልባ በተባለችው ደሴት አጠገብ በአየር ላይ ተበታትኖ ባሕር ውስጥ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 35 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ያ አይሮፕላን ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያውን መደበኛ የጄት ጉዞ ያደረገው ራሱ ነበር። በረራው ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠ፤ ምክንያት ይሆናሉ ተብለው የተገመቱ ነገሮች ተሻሻሉ፤ እውነተኛው ምክንያት ሳይታወቅ ማርች 23 ቀን በረራው እንደገና ተጀመረ። ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 1954፣ ሌላ ኮሜት ከሮም ወደ ካይሮ ሲበር በኔፕልስ ደቡብ ባሕር ላይ ተሰብሮ ወደቀ። 21 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ ኮሜት መንገደኛ እንዳያሳፍር ታገደ።

የምርመራው ሥራ ለፋርንቦሮ ተቋም ተሰጠ፤ በልብ ወለዱ ውስጥ ሃኒና ስኮት የሚሠሩበት ተቋም ማለት ነው። በሰር አርኖልድ ሆል መሪነት መርማሪዎቹ አንድ ሙሉ የኮሜት አካል በትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀመጡ። ይህንንም ያደረጉት ስለሚከተለው ምክንያት ነው። አይሮፕላን ከፍ ብሎ ሲበር የውጭው አየር ይሳሳል፤ መንገደኞቹ እንዲተነፍሱ በውስጡ ያለው አየር ይታመቃል። ስለዚህ የአይሮፕላኑ አካል በእያንዳንዱ በረራ እንደ ካላማዳሪ ይነፋል፤ ሲያርፍም ይሟሽሻል። መርማሪዎቹ ውሃ በመጨመርና በመቀነስ ይህን መነፋትና መሟሸሽ በሺህ ለሚቈጠር ጊዜ ደጋገሙት። በአየር ፈንታ ውሃ የተጠቀሙት አካሉ ሲቀደድ እንደ ቦምብ ፈንድቶ ማስረጃውን እንዳይበታትነው ነው።

በጁን 1954 አካሉ ተቀደደ። ይህም የሆነው አስቀድሞ የበረረው ከሙከራው ጋር ተደምሮ ከ3,000 በረራ ጥቂት እንዳለፈ ነው። መቀደድ የጀመረውም ከመስኮት ማዕዘን ነበር። የባሕር ኃይል ከኤልባ አጠገብ ከባሕር ወለል ያወጣው ስብርባሪም በጣሪያው ላይ ካለ ቀዳዳ ማዕዘን የተነሣ ተመሳሳይ ስብራት አሳየ። ኮሜትን የገደለው የብረት መዛል ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የፋብሪካው መሐንዲሶች ሙከራ አላደረጉም አይባልም፤ አድርገዋል። ነገር ግን የፈተኑት ክፍል ቀደም ብሎ ከመጠን በላይ በሆነ ግፊት የተሞከረ ነበር። ያ ከባድ ግፊት በማዕዘኖቹ ላይ ያለውን ብረት ስላጠነከረው ክፍሉ ከሌሎቹ የረዘመ ዕድሜ አገኘ። ስለዚህ ሙከራው ራሱ አሳሳታቸው።

ቀ. ትንቢት ወይስ ዕውቀት?

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ወደ «ኖ ሃይዌይ» ስንመለስ «ደራሲው ነቢይ ነበር!» ብለን ለመደነቅ እንቸኩላለን። ጥሩ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ቆም ይላል። በመጀመሪያ ልዩነቱን እንመልከት። በልብ ወለዱ የሚሰበረው ጭራ ነው፤ በኮሜት ግን የመንገደኞቹ ክፍል ነው። በልብ ወለዱ ምክንያቱ መንቀጥቀጥ ነው፤ በኮሜት ግን የአየር ግፊት ነው። ሃኒ የሚቈጥረው ሰዓት ነው፤ በኮሜት የሚቈጠረው የበረራው ብዛት ነው። ሹት የኮሜትን አደጋ አላየም፤ ሊያይም አይችልም ነበር።

ሁለተኛ፣ የብረት መዛል በ1948 አዲስ ነገር አልነበረም። ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቨለር የባቡር ሽክርክሪት ብረቶች ለምን እንደሚሰበሩ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በተከታታይ ሙከራ አጥንቷል። በጃንዋሪ 1945 ደግሞ በአውስትራሊያ አንድ የመንገደኞች አይሮፕላን ክንፉ ዝሎ በመሰበሩ ወድቆ 10 ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ዕውቀቱ ነበረ። ያልነበረው ዕውቀቱን የአየር መንገድ ሥራ ቀዳሚ ጥያቄ አድርጎ የሚያነሣው ሰው ነው።

ሹት ያደረገው ይህን ነው። በመሐንዲሶች መዝገብ ውስጥ የነበረውን አንድ ደረቅ ሐሳብ ወሰደ፤ አንድ የተዝረከረከ ሰውና አንድ በውቅያኖስ ላይ የሚበር አይሮፕላን ሰጠው፤ ለብዙ ሺህ አንባቢም እንዲገባ አደረገ። ይህ ትንቢት አይደለም። ሙያን ጠንቅቆ ማወቅና ያወቁትን ሰው በሚሰማው መንገድ መናገር ነው። ከትንቢት የሚበልጥበትም ምክንያት አለ፤ ትንቢትን መጠበቅ እንጂ መማር አይቻልም፤ ይህን ግን ማንም ተማሪ በትጋት ሊማረው ይችላል።

ከኮሜት አደጋ በኋላ አዳዲስ አይሮፕላኖችን በሙሉ አካላቸው በተደጋጋሚ ጫና መፈተን የተለመደ ሥርዓት ሆነ። የተሻሻለው «ኮሜት 4» ኦክቶበር 4 ቀን 1958 የአትላንቲክን መሥመር ጀመረ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ኤፕሪል 28 ቀን 1988 በሃዋይ ደሴቶች መካከል ይበር የነበረ አንድ አሮጌ ቦይንግ 737 በዝለት ምክንያት የጣሪያው ክፍል ተገንጥሎ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞታለች። የሃኒ ጥያቄ፣ «ስንት በርሯል?» የሚለው፣ ያረጀ ጥያቄ አይደለም።

በ. የመጽሐፉ ጉድለቶች

የተዘነጋን መጽሐፍ ያገኘ ሰው በደስታ ብዛት ጉድለቱን መሸፈን የለበትም። «ኖ ሃይዌይ» ሦስት ግልጽ ድክመቶች አሉት። አንደኛ፣ የጠፋውን ማስረጃ ለማግኘት ታሪኩ ከሳይንስ ውጭ የሆነ ረቂቅ ኃይልን ይጠቀማል። በስሌትና በሙከራ ላይ ለቆመ ታሪክ ይህ መፍትሔ አይመጥነውም። ሁለተኛ፣ ተዋናይዋና አስተናጋጇ አስተዋይ ሴቶች ሆነው ሳሉ ደራሲው አብዛኛውን ጊዜ የሃኒን ቤት በማጽዳትና ምግቡን በማሰናዳት ሐሳብ ያስጠምዳቸዋል። ይህ የዘመኑን አመለካከት ያሳያል። ሦስተኛ፣ የስብሰባና የቢሮ ንግግር የበዛባቸው ገጾች ትዕግሥት ይጠይቃሉ።

እነዚህን ጉድለቶች መጥቀስ መጽሐፉን ማዋረድ አይደለም። አንባቢ የሚያምነን ያየነውን ሁሉ ስንነግረው ነው፤ ምስጋናችንም ክብደት የሚያገኘው በዚህ ነው።

ተ. ስለ ቆየ መጽሐፍ ስትጽፉ

ከላይ ያነበባችሁት ገላጭ ድርሰት የተገነባው በ5 ጥያቄዎች ላይ ነው። እናንተም ስለ አንድ የቆየ መጽሐፍ ስትጽፉ እነዚህኑ ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ብትመልሱ ሐሳባችሁ አይበታተንም። መጽሐፉን ማን ጻፈው፤ ከየትኛው የሕይወት ልምዱ ተነሥቶ? የታሪኩ ቋጠሮ ምንድን ነው? አንባቢን የሚይዝበት ዘዴ ምንድን ነው? ከታተመ በኋላ ጊዜ ምን ፈረደበት? ዛሬ ስናነበው የሚጎድለው ምንድን ነው? አራተኛው ጥያቄ ለአዲስ መጽሐፍ አይሠራም፤ የቆየን መጽሐፍ ማንበብ የተለየ ጥቅም የሚሰጠውም በእርሱ ነው።

መደርደሪያ ላይ ያለ አሮጌ መጽሐፍ ባገኛችሁ ጊዜ በሽፋኑ አትፍረዱበት። ሃኒም በአለባበሱ ተፈርዶበት ነበር።

መልመጃ

1. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
ሀ) ደራሲው በድርሰቶቹ ላይ ሙሉ ስሙን የማይጠቀመው ለምን ነበር?
ለ) 1,440 የሚለው ቁጥር በታሪኩ ውስጥ ልብ ሰቀላን የሚፈጥረው እንዴት ነው?
ሐ) የፋርንቦሮ መርማሪዎች በአየር ፈንታ ውሃ የተጠቀሙት ለምንድን ነው?
መ) በልብ ወለዱና በኮሜት አደጋ መካከል ያሉትን ሦስት ልዩነቶች ዘርዝሩ።

2. «ዝናብ ይዘንባል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በክፍል ሠ በተመለከታችሁት መሠረት በ4 የእርግጠኛነት ደረጃ ጻፉ። እያንዳንዱን ማን፣ መቼ ሊናገረው እንደሚችል አስረዱ።

3. ሃኒ ጎማዎቹን ማጠፉ ትክክል ነበር ትላላችሁን? አብራሪው የሚያቀርበውን መከራከሪያ በአንድ አንቀጽ፣ ሃኒ የሚሰጠውን መልስ በሌላ አንቀጽ ጻፉ። ለሁለቱም እኩል ፍረዱ።

4. በትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ጊዜ ማንም ያልተዋሰውን አንድ ልብ ወለድ መርጣችሁ አንብቡ። በክፍል ተ የተዘረዘሩትን 5 ጥያቄዎች በመከተል ከ4 እስከ 6 አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ፍጻሜውን አትግለጹ።